የለጋ በቀቀን አመጋገብ፦ ሳህኑ ሞልቶ ወፏ ለምን ትጎዳለች?

ለቤት በቀቀን የሱፍ አበባ ፍሬ በሳህን ሞልቶ ማቅረብ በብዙ ሰው ዘንድ በቂ አመጋገብ ተደርጎ ይቆጠራል። ወፏ ፍሬውን በደስታ እየፈለፈለች ትበላለች፣ ጠግባም ትውላለች፤ ስለዚህ አሳዳጊው ሌላ ነገር የሚያስብበት ምክንያት አይታየውም። ጉዳቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ አፍንጫዋ ሲታፈን፣ ላባዋ ሲደበዝዝ ወይም እግሯ ሲንቀጠቀጥ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰዳለች፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ምን ትበላለች?» የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ ያ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት፣ ወፏ ገና ለጋ ሳለች ምን መብላት እንዳለባትና ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። የበቀቀን ዝርያዎች ከ350 በላይ ስለሆኑና አመጋገባቸውም ስለሚለያይ፣ እዚህ የምንነጋገረው በተለይ ስለ አፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። ይህ ዝርያ በዓለም ዙሪያ በሰው ቤት ከሚኖሩት በቀቀኖች በጣም ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ በባህረ ሰላጤው አገሮችም «ካስኮ» እየተባለ በብዙ ቤት ይገኛል፤ በእነዚያ ቤቶች ከሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል ወፏን የመመገቡ ሥራ የሚወድቅባቸው አሉ።

ግራጫው በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ወፍ ነው። በተፈጥሮ ቦታው የዘይት ዘንባባ ፍሬ፣ የልዩ ልዩ ዛፎች ፍሬና ዘር፣ አበባና ቅጠል እየፈለገ ይመገባል፤ በደን መካከል ወደሚገኙ ገላጣ ቦታዎችም በመንጋ ወርዶ ማዕድን ያለበትን አፈር ይለቅማል። የዘይት ዘንባባው ቀይ ሥጋ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚለውጠው ካሮቲን እጅግ የበለጸገ ነው። ወፉ ምግቡን ለማግኘት በየቀኑ ረጅም ርቀት ይበራል፣ ሰዓታትም ይፈጅበታል። ስብ ያለበትን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ መምረጡ በዚያ ሕይወት ውስጥ የሚያዋጣ ጠባይ ነው፤ ምክንያቱም ስብ የበረራ ስንቅ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ያው ጠባይ በሽቦ ቤት ውስጥ ግን በተቃራኒው ይሠራል። መብረር በሌለበት፣ ስቡም በየማለዳው ሳህን ሞልቶ በሚቀርብበት ቤት፣ ወፏ የምትመርጠውና ሰውነቷ የሚያስፈልገው ነገር ይለያያሉ። ብዙ አሳዳጊዎች «እሷ የሚያስፈልጋትን ታውቃለች» ብለው ምርጫውን ለወፏ ይተዋሉ፤ የአመጋገብ ጉዳት በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሱፍ አበባ ፍሬ ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ይዘቱን ማየት ይጠቅማል። ከተፈለፈለው ፍሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። በውስጡ ያለው ፎስፎረስ ከካልሲየሙ ስምንት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ለወፏ የሚስማማት ግን ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ቢያንስ እኩል ወይም እስከ እጥፍ ድረስ የበለጠ ሲሆን ነው። ፎስፎረስ እንዲህ ሲበዛ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል፤ ስለዚህ ፍሬው ካልሲየም ማነሱ ሳያንስ፣ ያለችውንም እንዳትጠቅም ያደርጋል። ለውዝም በዚህ ረገድ ብዙ የሚሻል አይደለም፤ በተለይ ከነገለባው የተቀመጠና እርጥበት የነካው ለውዝ ሻጋታና ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል የወፍን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። ለሰው ምግብነት ያልተመረጠ ለውዝ ለበቀቀንም መቅረብ የለበትም።

የቫይታሚን ኤ እጥረት የሚያደርሰውን ጉዳት ከቅርብ ማየት የሚቻለው የወፏን አፍ በመክፈት ነው። በጤናማ በቀቀን የላንቃ መካከል የሚገኘው ክፍተት ዳርና ዳሩ በትንንሽ ሹል ጫፎች የተከበበ ነው። ቫይታሚኑ ሲጎድል እነዚህ ጫፎች ይደንዛሉ፣ ከጊዜ በኋላም ጨርሶ ይጠፋሉ፤ የአፍ፣ የአፍንጫና የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን እርጥበቱን ያጣና እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች ይደፈኑና ምላስ ሥር ነጭ እብጠት ይወጣል። ይህ ሽፋን የወፏ የመጀመሪያ የበሽታ መከላከያ አጥር ስለሆነ፣ እሱ ሲፈርስ ባክቴሪያውና ሻጋታው በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። እንዲህ ያለች ወፍ በየጊዜው ስታስነጥስ አሳዳጊዋ ብርድ መትቷት ይመስለዋል፤ መድኃኒት ሲሰጣት ትንሽ ይሻላታል፣ ምግቧ ግን ካልተለወጠ በሽታው ይመለሳል።

ካልሲየምን በተመለከተ ግራጫው በቀቀን ከሌሎች ዝርያዎች የተለየ ድክመት አለው። ካልሲየም በምግብ ሲያንሰው የደሙን መጠን ጠብቆ ማቆየት ይቸግረዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ሲወርድም ወፉ ይንቀጠቀጣል፣ ከቆጡ ላይ ይወድቃል፣ ሲብስም የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሁሉ ይንዘፈዘፋል። በለጋነቷ ደግሞ አጥንቷ ገና እየተሠራ ስለሆነ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊከተላት ይችላል፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሳታገኝ ያደገች ጫጩት የእግርና የክንፍ አጥንቶቿ ይጎብጣሉ፣ ያንን በኋላ በምግብ ማቃናት አይቻልም።

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ከአንጀት በደንብ አይገባም፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዋናነት የሚሠራው ቆዳና ላባ ላይ በሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስህተት አለ፦ የሽቦ ቤቱን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ይመስላል። ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቫይታሚኑን የሚሠራውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ግን ያስቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ወፏን በማለዳ ፀሐይ፣ ከፊሉ ጥላ በሆነ በረንዳ፣ ድመትና ጭልፊት በማይደርስበት ሁኔታ ከሽቦ ቤቷ ጋር ለጥቂት ጊዜ ማውጣት ቀላል ነው። በበጋ ሙቀት ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ በሚኖርባቸው የባህረ ሰላጤ ከተሞች ግን ይህ ለወራት ስለማይቻል፣ ለወፎች ተብሎ የተሠራ የአልትራቫዮሌት መብራት አምራቹ ባዘዘው ርቀት ሰቅሎ መጠቀም ያስፈልጋል። ስለ ምግብ በሚነገርበት ቦታ ስለ ፀሐይ መነሳቱ የተለየ ነገር አይደለም፤ ለዚህች ወፍ ፀሐይ የምግቧ አካል ነው።

ከአመጋገቡ በፊት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ወፏ በስንት ዕድሜዋ ወደ ቤት ትምጣ? የግራጫ በቀቀን ጫጩት ራሷን ችላ መብላት የምትጀምረው በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው፣ የሚዘገዩም አሉ። አንዳንድ ሻጮች «በእጅህ ካሳደግሃት የበለጠ ትወድሃለች» እያሉ ገና ገንፎ የሚጎረሱ ጫጩቶችን ይሸጣሉ። ይህ አነጋገር ልምድ የሌለውን ሰው ወደ ከባድ አደጋ የሚመራ ነው። የጫጩት ገንፎ ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መሰጠት አለበት። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ከአንገቷ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ሳይወርድ ይቆይና ይኮመጥጣል፤ ከ43 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከረጢቱን ያቃጥላል። ቃጠሎው በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ቆዳው ይጠቁርና ይቀደዳል፣ ጫጩቷ የጎረሰችው ገንፎም በደረቷ ይፈስሳል። በማይክሮዌቭ የሞቀ ገንፎ ከላይ ለብ ያለ መስሎ መካከሉ የሚፋጅ ስለሚሆን በተለይ አደገኛ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ጫጩት የማጉረስ ልምድ የሌለው ሰው ራሷን ችላ የምትበላ ወፍ ብቻ መውሰድ አለበት፤ ወፏ ሰውን የምትለምደው በየቀኑ በሚደረግላት እንክብካቤ ነው፣ ለዚያም ገንፎ የሚጎረስበት መርፌ (ሲሪንጅ) አያስፈልግም።

ራሷን ችላ መብላት የጀመረችበት ወቅት ለአሳዳጊው ትልቅ ዕድል ነው። በተፈጥሮ ቦታቸው ልጆቹ የሚበላውንና የማይበላውን የሚማሩት ትልልቆቹን አይተው ነው፤ በእነዚህ ወራት አዲስ ነገር ሲቀርብላቸው ምንቃራቸውን ይሰዳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ተመልሰው ያነሳሉ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ያልለመዱትን ምግብ እንደ ባዕድ ነገር ያዩታል፤ ዓመታት በሱፍ አበባ ፍሬ ያሳለፈች ወፍ ካሮት ስታይ የምትሸሽበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያለው ሥራ ሆዷን ከመሙላት በላይ ምላሷን በብዙ ዓይነት ምግብ ማስለመድ ነው። ያው ካሮት ዛሬ ተፈቅፍቆ፣ ነገ ተቀቅሎ፣ ከነገ ወዲያ በቁመቱ ተሰንጥቆ በሽቦው መካከል ተሰክቶ ሊቀርብ ይችላል። አንድ ጊዜ ስለጣለችው አትወደውም ብሎ መተው ስህተት ነው፤ ሳይሰለቹ ደጋግሞ ማቅረብ ያስፈልጋል። አሳዳጊው ራሱ ፊቷ ቢበላላት ደግሞ ትምህርቱ ይፈጥናል። ከአፍ ወደ አፍ ማጉረስ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በሰው ምራቅ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለወፍ በሽታ ናቸው፣ ጉርሻውም በእጅ ብቻ ይሁን።

የዕለት ምግቧ መሠረት ብዙ የአእዋፍ ሐኪሞች የሚመክሩት ፔሌት የሚባለው የታመቀ መኖ ነው። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ አንድ ላይ ተፈጭቶ ስለሚሠራ ወፏ ስብ ያለውን መርጣ ሌላውን መተው አትችልም። ከጠቅላላው ምግብ ከ60 እስከ 70 በመቶው ፔሌት፣ የቀረው በአብዛኛው አትክልት፣ ፍራፍሬና ለውዝን የመሰለው ደግሞ ቢበዛ አንድ አሥረኛ ቢሆን የሚል ልክ በስፋት ይሠራበታል፤ ቁጥሩ ግን መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ቀለም ያልተነከረውንና ስኳር ያልተጨመረበትን መምረጥ ይሻላል። አትክልቱ ጠዋት፣ ከሌሊቱ ጾም በኋላ ፍላጎቷ ከፍ ባለበት ሰዓት ይቀድማል፤ ፔሌቱ ቀኑን ሙሉ ይቀመጥላታል፤ ለውዙና የሱፍ አበባው ፍሬ አንድ ሁለት እየተባለ በእጅ፣ ለሽልማት ይሰጣል። ለስላሳና እርጥብ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በሳህን ላይ መቆየት የለበትም፣ በሙቀት አገር ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ መነሳት አለበት።

ፔሌት በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ የሚኖር ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ የእኛ ጓዳ ለዚህች ወፍ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። የሐበሻ ጎመን ሳይበስል ታጥቦና ተከትፎ ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ይሆናል። ቆስጣ ግን ከጎመን ጋር አንድ ዓይነት ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ስለሚያስር አዘውትሮ የሚሰጥ ምግብ አይደለም፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለግራጫ በቀቀን አሳዳጊ ትልቅ ጥቅም አለው። ለካሮቲን ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች ተመራጭ ናቸው፤ ነጩ ስኳር ድንች ያንን ያህል ካሮቲን የለውም። ዳጉሳ በካልሲየም ከሌሎች እህሎች ሁሉ የላቀ ነው፣ በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ይገኝበታል። ምስርና ሽምብራ ያለ ጨው ተቀቅለው ፕሮቲን ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በቆልት ነው፦ እህሉ ሲበቅል ማዕድኑን አስሮ የያዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ወፏም ለምለሙን ቡቃያ ትወደዋለች። በቆልት ግን ባክቴሪያም በቀላሉ ያፈራል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፣ ሽታው ትንሽ እንኳ ከተለወጠ መጣል ነው። ቦሎቄና አደንጓሬ ጥሬያቸውን መርዛም ስለሆኑ በደንብ ሳይቀቀሉ አይሰጡም። የተቀቀለ እንቁላል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅርፊቱም ተፈጭቶበት፣ ለምታድግ ወፍ ጠቃሚ ነው። በዚህ መልክ ብቻ የሚመግብ ሰው ግን ምግቡ የተሟላ መሆኑን የሚያረጋግጥለት የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር ቃሪያ ነው። ወፎች የቃሪያን ማቃጠል የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ምላሳቸው አይለየውም፤ በቀቀኗ የሚያቃጥለውን ቃሪያ ከነፍሬው ስትከሰክስ ምንም አትሆንም፣ ቀዩ ቃሪያ በተለይ በካሮቲን የታወቀ ስለሆነም ይጠቅማታል። ይህን ሰምቶ ግን በርበሬ የነካውን ወጥ መስጠት አይገባም። ችግሩ የበርበሬው ማቃጠል አይደለም፤ ወጡ ውስጥ ያለው ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የወፍን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ ለሰው ልክ የሆነ ጨውም ለ450 ግራም ወፍ ከልክ ያለፈ ነው።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ አቮካዶ ነው። በየቤቱ ያለ፣ ለሕፃናት ሳይቀር የሚሰጥ፣ ለስላሳና ጤናማ የሚባል ፍሬ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። በውስጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር ግን የወፍን ልብ ጡንቻ ይጎዳል፤ ወፏ ትደክማለች፣ ላባዋን ታንጨፈርራለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ሥጋው፣ ልጣጩ፣ ፍሬውና ቅጠሉ ሁሉ አደገኛ ነው፤ ጁስ የጠጡበት ብርጭቆ እንኳ ወፏ በምትደርስበት ቦታ መቀመጥ የለበትም። ቸኮላት፣ ቡናና አልኮልም እንዲሁ ገዳይ ናቸው። ፖም ሲሰጥ ፍሬዎቹ፣ ኮክ ሲሰጥ አጥንቱ መውጣት አለበት፤ በውስጣቸው ሲያናይድ የሚሆን ንጥረ ነገር አለ። ከእነዚህ አንዱን በልታለች ብሎ የጠረጠረ ሰው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቅ ሐኪም ጋር መድረስ አለበት።

ወደ ቤት የመጣችው ወፍ አስቀድማ ፍሬ ብቻ ለምዳ ከሆነ ለውጡ ቀስ በቀስ መደረግ አለበት፤ «ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ የለመደችውን ሁሉ በአንድ ቀን መንሳት በቀቀንን ሊገድል ይችላል። ፔሌቱ ከፍሬው ጋር በጥቂቱ ተቀላቅሎ ይጀምርና በየሳምንቱ ድርሻው ያድጋል። በዚህ ጊዜ ሳህኑን ማየት ብቻ ያታልላል። በቀቀን ፍሬዋን ስትፈለፍል ገለባው ተመልሶ እዚያው ሳህን ላይ ይወድቃል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሳህኑ ሙሉ ነው፣ በእጅ ሲዘገን ግን ያለው ባዶ ገለባ ነው። እንዲሁም ፔሌቱን ሰባብራ ስለበተነችው ብቻ በላችው ማለት አይደለም። እውነቱን የሚናገሩት ሚዛኑና ኩሷ ናቸው። በየማለዳው፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ በግራም በሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ቆማ ክብደቷ ይመዝገብ። ትልቅ ግራጫ በቀቀን በአብዛኛው ከ400 እስከ 550 ግራም ትመዝናለች፤ ለጋዋ ከገንፎ ወደ ራስ መቻል ስትሸጋገር ትንሽ መቀነሷ የተለመደ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያጣች ወፍ በሐኪም መታየት አለባት። ወፎች በሽታቸውን እስከ መጨረሻው ስለሚደብቁ ከመልኳ ይልቅ ቁጥሩን ማመን ይሻላል። ኩሷ ደግሞ ሦስት ነገር ሆኖ ይታያል፦ የተጠቀለለው ዓይነ ምድር፣ ነጩ ክፍልና ጥርት ያለው ሽንት። ቀይ ሥር የበላች ወፍ ኩሷ ቢቀላ አያስደነግጥም፤ መጠኑ ሲያንስ፣ ነጩ ክፍል ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋር መድረስ ያስፈልጋል።

እጥረት ያስፈራው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ይሄዳል፤ ፔሌት እየሰጠ በላዩ ላይ የቫይታሚን ዱቄት ይነሰንሳል። ፔሌቱ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኤ በልኩ ስላለው በላዩ መጨመር ልኩን ያሳልፈዋል፤ ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ካልሲየሙ በኩላሊት ውስጥ ይጋገራል፣ ለጋ ወፎችም ለዚህ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። ዋና ምግቧ ፔሌት ለሆነ ወፍ ተጨማሪ ቫይታሚን የሚሰጠው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚንም አይመከርም፤ በብርሃን ቶሎ ይበላሻል፣ ባክቴሪያ ያፈላል፣ ጣዕሙን ያልወደደች ወፍ ደግሞ ውኃውን ትታ ትጠማለች። ውኃው ንጹሕ ብቻ ይሁን፣ ምግቧን እየነከረች ስለምትበላም በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለወጥ፤ ዕቃውም ሲዳሰስ የሚያሟልጭ ከሆነ ውኃው ከመጨመሩ በፊት በሳሙናና በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት።